ሁለት ወዶ አይሆንም ላሉኝ ለአባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ
መንዝ፣ መሐል ሜዳ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ ብርዱ እዚህም ከርሯል፤ ቢሆንም የመንዝን ውርጭ ያየ ሰው ስለ አሜሪካ ብርድ ብዙ አያወራም። ይህን ደብዳቤ የእህቴ ልጅ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። አንቺ ልጅ፣ ቁጥር ያለበት ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘይው፤ አባባ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ባለፈው በስልክ የጀመርነው ነገር መስመሩ እየተቆራረጠ ሳይቋጭ ቀረ። ጥርት ብሎ የተሰማኝ «አንቺ ልጅ፣ ሁለት ወዶ አይሆንም፤ አንዱን ያዢ» ያሉኝ ነው። ከአየር መንገዱ ተባርሬ እንደሆነም እንዳልደብቅዎ፣ ወይፈኑን ሸጠው እንደሚልኩልኝ ነገሩኝ። ወይፈኑ ይቀመጥ አባባ፤ አልተባረርሁም። «ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወጥቻለሁ» ስል ሰምተው ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ፈቃድ የስንብት ዋዜማ ስለሚመስል አልፈርድብዎትም። በደንብ ባለማስረዳቴ ሲጨነቁ ከከረሙ ነገሩን አሁን ከሥሩ ልንገርዎ።

እንጀራዬ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። ከዚያ ጎን ለጎን በአሜሪካ አየር ኃይል ተጠባባቂ ጦር ውስጥ ሲ-130 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን አብራሪ ነኝ። ተጠባባቂ ሲባል ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ፖሊሱም የየራሱን ሥራ ይሠራል፤ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ደግሞ 15 ቀን ያህል ዩኒፎርም ለብሶ ይሠለጥናል፤ መንግሥት ሲጠራው ይዘምታል። ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። ለአብራሪ አይበቃም። እጅ እንዳይፈታ በየጊዜው ተጨማሪ ቀን ሄዶ መብረር ግድ ነው፤ የሌሊቱ በረራ አለ፣ ዝቅ ብሎ መብረሩ አለ፣ ጭነት በጃንጥላ መጣሉ አለ። አየር መንገዱም የራሱ ጥያቄ አለው። በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አስነስቼ ሦስት ጊዜ ካላሳረፍሁ መንገደኛ ይዤ መብረር አልችልም። ሁለቱም ሥራ «እጅሽ እንዳይፈታ» ይለኛል፤ ቀኑ ግን ያው ነው።

የመኪናዬን የኋላ ቢከፍቱ ይስቃሉ። አራት መስመር የተሰፋበት የአየር መንገዱ ኮት በመስቀያ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ የጦሩ አረንጓዴ ቱታ ተጠቅልሏል፤ ከጎኑ ሁለት ጥንድ ጫማ፣ አንዱ የተወለወለ፣ አንዱ አቧራ የጠጣ። የጦሩን ቀን እንዳወቅሁ ለአለቃዬ ቢሮ እጽፋለሁ። ሕጉ የሚለኝ አስቀድመሽ አሳውቂ ነው እንጂ ለምኚ አይደለም። ስልኩን የሚያነሣው ሰው ግን ሁልጊዜ «አሁንም?» ይለኛል። ክፋት የለበትም፤ እኔ የተውሁትን በረራ የሚሸፍን አብራሪ መፈለግ የእሱ ራስ ምታት ስለሆነ ነው። እኔም ለምጄዋለሁ፤ «አሁንም» ብዬ እዘጋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲመጣ እርስዎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገብተው ሠልጥነው ወደ ኦጋዴን ሲወርዱ፣ እማማ ገና ሙሽራ ነበሩ። የመጀመሪያውን ክረምት ጎረቤት በደቦ አርሶልዎታል፤ የዘማች ቤት ነው ተብሎ አረሙም አጨዳውም ተሠርቷል። በሁለተኛው ደቦው ሳሳ። ከካራማራ ድል በኋላ ሲመለሱ የታችኛው ማሳ ድንበር ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ የድንበሩ ድንጋይ ተነቅሎ አገኙት። ገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ድረስ ሄደው ምስክር ጠፋ። የገፋዎት ሰው ክርስትና ሲጠራዎት እንኳ እንዳልሄዱ አውቃለሁ።

እዚህ አገር ያ ድንጋይ እንዳይነቀል በሕግ ተተክሏል። የዘማችን ሥራ የሚጠብቀው ይህ ሕግ የወጣው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 1987 ነው። የማሳዬ ድንበር ደግሞ የቅጥር ተራዬ ነው፤ አየር መንገድ ውስጥ ሰው የሚለካው በዚያ ነውና። ከእኔ በአንድ ቀን ቀድሞ የተቀጠረ ሁሉ ከእኔ በፊት ይመርጣል፤ የሚያበረውን የአውሮፕላን ዓይነት፣ የሚነሣበትን ከተማ፣ ለበዓል የሚያርፍበትን ቀን። ረዳት አብራሪው ካፒቴን የሚሆነውም በዚሁ ተራ ነው። ሕጉ የሚለው፣ ዘምቼ ስመለስ የሚጠብቀኝ ወንበር የተውሁት ሳይሆን፣ ባልሄድ ኖሮ እደርስበት የነበረው ነው። ስለዚህ እኔ ጦር ሰፈር ሳለሁ ተራዬ ይጓዛል። ከኋላዬ የተቀጠረ እላዬ ላይ አይወጣም።

ጦሩ ውስጥ ያለኝ ቆይታ ከ31 ቀን ካነሰ፣ ቤቴ ደርሼ 8 ሰዓት ካረፍሁ በኋላ በሚቀጥለው የሥራ ተራዬ መገኘት አለብኝ። ከ31 እስከ 180 ቀን ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ልመለስ ነው ብዬ ማመልከት፣ ከዚያ ከበለጠ ደግሞ 90 ቀን ይሰጠኛል። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ለጦሩ የምሄድበት ጊዜ በድምሩ የ5 ዓመት ገደብ አለው፤ የየወሩ ሥልጠናና የዓመቱ 15 ቀን ግን እዚያ ውስጥ አይቆጠሩም። ለነገሩ የእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ብሔራዊ ጥሪ ሲመጣ የሥራ ውል ለጊዜው ይታገዳል እንጂ ተቋረጠ አይልም። በእርስዎ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ለገበሬ ቢኖር ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ ይሁን።

ሕጉ አሠሪው ደመወዝ እንዲከፍለኝ አያስገድድም፤ ያለ ደመወዝ ያልሁዎ ለዚህ ነው። ጦሩ ለዚያ ቀን የራሱን ይከፍለኛል፤ ካፒቴን ሆኜ በአየር መንገዱ ከማገኘው ግን ያንሳል። በዚህ ነገር አብራሪዎች ትልልቅ አየር መንገዶችን ከስሰዋል። ክርክራቸው «ሐዘን ለደረሰበትና ፍርድ ቤት እንደ ማንኛውም ዜጋ ለፍርድ ሰጪነት ለሚጠራው ሠራተኛ ፈቃድ ስትሰጡ ትከፍላላችሁ፤ ለአጭር ወታደራዊ ፈቃድስ?» የሚል ነው። በፈረንጆቹ 2021 እና 2023 ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ክሱ ተዘግቶ እንዳይቀር፣ እንዲታይ ወስነዋል። እኔ አልከሰስሁም፤ ክስ የእርስዎን ሸንጎ ያስታውሰኛል። የከሰሱትን ግን ደግ አደረጋችሁ እላለሁ።

እንቅልፍሽስ ብለውኛል። የአየር መንገዱ ደንብ ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት ተከታታይ 10 ሰዓት ዕረፍት ያዝዛል፤ በ365 ቀን ውስጥም ከ1000 ሰዓት በላይ መብረር አይፈቀድም። ተርፎኝ ተኛሁ አልልም፤ ደክሞኝ ግን አውሮፕላን አልይዝም።

ዋጋውን የሚከፍለው ቤቴ ነው፤ ይህን አልሸሽግም። ሌላው አብራሪ ከበረራ ሲመለስ የሚያርፍበት ቀን ለእኔ የጦር ሰፈር ቀን ነው። የልጆቹን የወላጆች ስብሰባ የሚሄደው ባለቤቴ ነው፤ መምህሯ እኔን በስም ብቻ ነው የምታውቀኝ። እርስዎም ከከፋዮቹ አንዱ ነዎት። ፋሲካን አብረን እንፈስካለን ያልሁት አይሆንም፤ የዓመቱ 15 ቀን እሱ ላይ ወድቋል፤ ማዛወሩንም ጠይቄ አልተቻለም።

ታዲያ ለምን አትተዪውም ይሉኛል። ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው የሆድ ነው። ተረቱ እንደሆነ የእርስዎ ነው፤ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በሌላው ተንጠልጠል»። በ2012 ኮሮና ሲመጣ አውሮፕላኑ ሁሉ በረሃ ላይ ተደርድሮ ቆሞ፣ አብራሪው የቅነሳ ደብዳቤ ሲጠብቅ፣ እኔ ጦሩ ውስጥ የምበርረው ነበረኝ። ያን ወቅት የላክሁልዎ የቆርቆሮ ዋጋ ከዚያ የመጣ ነው። ደግሞ 20 ዓመት የሞላ ተጠባባቂ በ60 ዓመቱ ከጦሩ ጡረታ ያገኛል፤ አየር መንገዱ በ65 ሲያሰናብተኝ ባዶ እጄን አልቀርም። እኔ ለ20ው ብዙ አልቀረኝም፤ ከግማሽ መንገድ አልመለስም።

ሁለተኛው የእርስዎ ጥፋት ነው። በ1977 ድርቅ የእንግሊዝ ሲ-130ዎች ደጋው ላይ እየዞሩ እህል ሲጥሉ ያዩትን ነግረውኛል። ሆዱ ሊታይ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ እንደሚመጣ፣ ከኋላው አፉን ከፍቶ ጆንያውን ሲያራግፍ መሬቱ ላይ ጤፍ ይሁን ስንዴ ሳይለይ አቧራ ብቻ እንደሚነሣ፣ አንዳንዱ ጆንያ ሲፈነዳ ሴቶች ነጠላቸውን ዘርግተው ፍሬውን ከአፈር እንደሚለቅሙ። እኔ ልጅ ሆኜ ያን ወሬ ደጋግሜ አስነግሬዎታለሁ። የምይዘው አውሮፕላን እሱ ራሱ ነው አባባ። ዝቅ ብሎ ጭነት የመጣሉን ልምምድ ስንሠራ ጓደኞቼ ሰዓትና ፍጥነት ይቆጥራሉ፤ እኔም እቆጥራለሁ፤ ነገር ግን አንዲት ነጠላ የዘረጋች ሴት ከታች ያለች ይመስለኛል። የመንገደኛው አውሮፕላን ይህን አይሰጠኝም። ጦር ነውና ነገ የት እንደሚልከኝ አላውቅም፤ ያንን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እማማ ፊት ግን አናንሣው።

የምመጣው ለጥቅምት መድኃኔ ዓለም ዝክርዎ ነው። ፈረንጁ ሁሉ የሚሻማው ለታኅሣሥ ስለሆነ ያን ሰሞን ዕረፍት ስጠይቅ የሚቀናቀነኝ የለም፤ ተራዬም አሁን ደህና ቦታ ደርሷል። የጦሩን የጥቅምት ቅዳሜና እሁድ ከመስከረሙ ጋር አቀናጅቼ ቀድሜ ልጨርሰው ተስማምተናል። ቁርጡን ቀን የምነግርዎ የበረራው ፕሮግራም ሲወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ለጎረቤት አይንገሩብኝ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥቼ በጣርማበር በኩል እመጣለሁ፤ ካልሆነ ደብረ ብርሃን ቆይቼ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን ዓይንዎን ደብረ ብርሃን ወርደው ይታዩ። ገንዘቡን በእህቴ ስም ልኬዋለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳያውሉት፣ በተለይ ለማዳበሪያ። የማዳበሪያውን ለብቻው እልካለሁ።

እማማን፣ ጋሼንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ