«ሁሉንም አስገባ» ከማለታችሁ በፊት የቀረውን ቺፕ ቁጠሩ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል አባላት፦

ጤና ይስጥልኝ። የጨዋታ ዓምዳችሁን ሳላነብ አላልፍም። ባለፈው ሳምንት ስለ ኦንላይን ፖከር የወጣውን ጽሑፍ ግን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጸሐፊው የሚያወራው ጠንካራ ድሮው ስለያዘ ተጫዋች ነው። እጁ ገና አልሞላም፤ የሚፈልገው ካርታ ከመጣለት ግን ይሞላል። ምክሩም አጭር ነው፦ የሚያድኑህ 15 ካርታዎች ካሉ 60 በመቶ ታሸንፋለህ፣ ስለዚህ ሁሉንም አስገባ።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታ ልጆቼ ሲተኙ አንድ ጠረጴዛ ከፍቼ ቴክሳስ ሆልደም እጫወታለሁ፤ እያንዳንዱ ሁለት ካርታ በእጁ የሚይዝበት፣ መሃል ላይ አምስት የጋራ ካርታ የሚገለጥበት ፖከር ነው። ይህን ምክር እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜበት ነበር፤ ዋጋም ከፍዬበታለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ ይስተካከል። 60 የመጣው 15ን በ4 በማባዛት ነው። አቋራጩ ለጥቂት ካርታዎች ጥሩ ነው፤ ለ9 ካርታዎች 36 ይላል፣ እውነተኛው 35 ነው። ካርታዎቹ ሲበዙ ግን ያጋንናል። ፍሎፕ ላይ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ሲገለጡ፣ የማላያቸው ካርታዎች 47 ናቸው፤ 32ቱ አይጠቅሙኝም። በአራተኛው ካርታ የመሳት ዕድሌ ከ47 32፣ በአምስተኛው ከ46 31 ነው። ሁለቱን አባዙት፤ ሁለቴም የምስተው 46 በመቶ ያህል ነው። የምሞላው እንግዲህ 54 በመቶ ነው። እሱም ሁለቱንም ካርታዎች ካየሁ ብቻ። አንድ ካርታ ብቻ ካየሁ ወደ 32 ይወርዳል። የውርርድ መጠን ጉዳይ በሙሉ ያለው እዚህ 54 እና 32 መሃል ነው።

አንድ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። እጄ ላይ የልብ 8 እና 9 አለ። ፍሎፑ የልብ 10፣ የልብ 7 እና አንድ ጥቁር 2። ከዚህ የተሻለ ድሮው አይመኙም። አምስት ልብ ወይም አምስት ተከታታይ ቁጥር ካገኘሁ እጄ ይሞላል። ዘጠኝ ልቦች ይሞሉልኛል፣ ከነሱ ውጭ ሦስት ጃክና ሦስት 6 አሉ፤ በድምሩ 15። ፖቱ፣ ማለትም መሃል የተሰበሰበው ውርርድ፣ 60 ቺፕ ነው። እኔም ተጋጣሚዬም 100፣ 100 ቀርቶናል። ልቤ ድው ድው እያለ የፖቱን ልክ የሚያስገባውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ 60። ተከተለኝ፣ እሱም 60 አስገባ። አራተኛው ካርታ ጥቁር 3 መጣ። ፖቱ 180 ሆኗል፣ እኔ ጋ የቀረው 40 ነው።

አሁን ምን ላድርግ? 40ውን አስገባሁ። 220 ለማግኘት 40 የሚጠየቅ ሰው ካርታ ይጥላል እንዴ? ሳያመነታ ተከተለ። አስና 10 ነበረው፣ አንድ ጥንድ ብቻ። አምስተኛውም ካርታ ባዶ ሆነ።

መሸነፌ አይደለም የቆጨኝ። ድሮው ይስታል፣ ያለ ነው። የቆጨኝ ያ 60 ነው። አራተኛው ካርታ ልብ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ይፈራና እጁን ይጥላል፤ 40 ቺፑን ያተርፋል። ካርታው ባዶ ሲሆን ደግሞ ደስ ብሎት ይከፍላል። ስሞላ ያመልጠኛል፣ ስስት ይይዘኛል። ከሁለት ያጣ ውርርድ ማለት ይሄ ነው።

በ100 ቺፕ እዚያው ፍሎፕ ላይ ሁሉንም ማስገባት ነበረብኝ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊያችሁ ጋር እስማማለሁ። አንድ ጥንድ የያዘው ሰው 100 ከፍሎ መከተሉን ቢያንስ ያስብበታል። ከጣለ 60ውን ያለ ጭንቀት ወሰድኩ። ከተከተለም ሁለቱንም ካርታዎች አያለሁ፤ በ260 ፖት ላይ 54 በመቶ ማለት ካስገባሁት 100 በላይ በአማካይ 40 ያህል ማትረፍ ነው።

ቺፑ 180 ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። በ60 ፖት ላይ 180 ከወረወርኩ ደካማው ሁሉ ይጥላል። የሚከተለኝ ሦስት 10 የያዘ ወይም ከኔ የሚበልጥ የልብ ድሮው ያለው ነው። እኔ ፍሎፕ ላይ 40 አስገባለሁ። ከተከተለኝ ፖቱ 140 ይሆናል፣ የሚቀረኝም 140። ቁጥሩ በአጋጣሚ የገጠመ አይደለም፤ 40ን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። አራተኛው ካርታ ባዶ ቢሆን እንኳ 140ውን ስገፋው ሙሉ ፖት ነው፤ ያስፈራል። ተከተለኝ እንበል። የመሙላት ዕድሌ ከ46 15 ነው፣ በ420 ፖት ላይ 137 ቺፕ ያህል ያወጣል። ያስገባሁት 140 ነው፤ በአማካይ የምከስረው 3 ቺፕ። ከጣለ ደግሞ 140 እወስዳለሁ። ለሦስት ቺፕ ኪሳራ ይህን የመሰለ ዕድል ማን ይተዋል?

የሚያድኑኝ 9 ብቻ ከሆኑ ግን ያው ግፊት ሌላ ነገር ነው። ሲከተለኝ በአማካይ 58 ቺፕ እከስራለሁ። ላለመክሰር ሰውየው ከአሥር ጊዜ ሦስቱን ያህል መጣል አለበት። አንዳንዱ ይጥላል፣ አንዳንዱ ሞቶም አይጥል። ስለዚህ ባለ 9ኙን ይዤ የምገፋው ተጋጣሚዬን ካወቅኩት ብቻ ነው። «ጠንካራ ድሮው» ብሎ ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተት ሰው ያስከስራል።

በጣም ብዙ ቺፕ ሲኖር፣ 600 ያህል፣ ሌላ ነገር ይገባል። የልብ 8 እና 9 ቢሞላም ከሱ የሚበልጥ ልብ አለ። እንዲህ ያለ እጅ ይዤ ትልቅ ፖት መገንባት አልወድም። የልብ አስ ከያዝኩ ግን አነስ ያለ ውርርድ ደስ ይለኛል፤ ትናንሽ ልብ የያዙት ይከተሉኝና ሲሞላላቸው ይከፍሉኛል። ሦስት አራት ሰው ባለበት ፖትም ከመግፋት እቆጠባለሁ፤ ሁሉም ይጥላል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ኦንላይን ላይ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። አንድ ቅዳሜ የተጫወትኳቸውን እጆች መዝገብ ከፍቼ በደብተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። በአንድ በኩል መጠኑን፣ በሌላ በኩል የያዝኩትን። ሁለት ገጽ ሳልሞላ ተገለጠልኝ። የፖቱን ልክ የማስገባው ድሮው ስይዝ ብቻ ነበር። እጄ የሞላ ጊዜ የፖቱን ሲሶ ነው የማስገባው፣ እንዳይሸሹብኝ ብዬ። ቁልፎቹ ተደርድረው ስለሚታዩ ጣት ይለምዳል። በየማታው አብረውኝ የሚቀመጡት ደግሞ ውርርዴንና በመጨረሻ የተገለጠውን ካርታዬን በየራሳቸው መዝገብ ያያሉ፤ አንዳንዶቹ የሚቆጥርላቸው ፕሮግራምም አላቸው። ካርታዬን ገልጬ ስጫወት ከርሜያለሁ ማለት ነው። ዛሬ 10፣ 7፣ 2 ላይ 40 ካስገባሁ በ8 እና 9ም 40 ነው፣ በሦስት 10ም 40 ነው። ከዚያ ወዲህ አራተኛው ካርታ ላይ ስገፋ ሰዎች ቆም ብለው ሲያስቡ አያለሁ። ሰዓቱ ሲቆጥርባቸው ይታየኛል።

ዓምዳችሁን ብዙ ጀማሪዎች ያነቡታል፤ ገንዘብም ያስገቡበታል። ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። 60 የሚለው በሚቀጥለው እትም 54 ተብሎ ይታረም። ጸሐፊው ምሳሌ ሲሰጡም ከፖቱ ጎን ሁለቱ ተጫዋቾች ስንት ስንት ቺፕ እንደቀራቸው ይጻፉልን። እሱ ከሌለ ስለ መጠን የሚሰጠው ምክር ልክ ይሁን ስህተት እኛ አንባቢዎች ማወቅ አንችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ