“ቢሮክራሲ ተቀነሰ” ሲባል የሚቀነሰው የማን መብት ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደቡብ ለንደን ከምንኖር ሐበሾች አንዱ ነኝ። ስለ አውሮፓ ከተሞች ሲወራ “መንግሥት እጁን ሲያወጣ ገበያው ከተማውን አሳመረው” የሚል ነገር በተደጋጋሚ እሰማለሁ፣ ምሳሌ አምጣ ሲባል ደግሞ ሁሌም ካናሪ ዋርፍ፣ ምሥራቅ ለንደን ያለው የፎቅ ቢሮዎች ሰፈር፣ ነው የሚጠራው። እኔ በዚህ ጭራሽ አልስማማም። መንግሥት እጁን አላወጣም፣ ያስወጣው ነዋሪውን ነው።

በ1981 የታቸር መንግሥት ለዶክላንድስ የልማት ኮርፖሬሽን አቋቁሞ፣ ወደቡ ተዘግቶ ሥራ ያጣውን የቴምዝ ዳር ሰፈር የፕላን ሥልጣን ሕዝብ ከመረጣቸው ካውንስሎች (የአካባቢ ምክር ቤቶች) ወስዶ ራሱ ለሾመው ቦርድ ሰጠ። በዓመቱ ካናሪ ዋርፍ ያለበት አይል ኦፍ ዶግስ ኢንተርፕራይዝ ዞን ተባለ፣ ለአስር ዓመት የንግድ ቤት ግብር የለም፣ ለሕንፃ የወጣ ወጪ በሙሉ ከታክስ ይቀነሳል፣ ለአብዛኛው ግንባታ የፕላን ፈቃድ አያስፈልግም። (ሐሳቡን በ1977 ያነሳው ፒተር ሆል የግራ ሰው የነበረ ፕላነር መሆኑ ይገርመኛል።) ያ ሁሉ ሳይሰበሰብ የተተወ ታክስ የሕዝብ ገንዘብ ነው እኮ! እንደዛም ሆኖ የካናሪ ዋርፍ ገንቢ ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ በ1992 ከሰረ፣ ሰፈሩ የተነሳው ባቡር ሲገባለት ነው፣ በ1999 የተከፈተው የጁብሊ መስመር ማራዘሚያ 3.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጅቷል፣ አብዛኛውን የከፈለው ደግሞ መንግሥት ነው።

ወደኛ ሰፈር ስመጣ ነገሩ የበለጠ ያማል። ኤለፋንት ኤንድ ካስል የነበረው ሄይጌት የሚባል የካውንስል መንደር (ካውንስሉ በርካሽ የሚያከራየው) 1,200 ገደማ ቤቶች ነበሩት፣ ፈርሶ በምትኩ ከ2,300 በላይ ቤት እንዲሠራ በ2013 ሲፈቀድ በማኅበራዊ ኪራይ፣ ማለትም በዝቅተኛው ኪራይ፣ እንዲሰጡ የታቀዱት 79 ብቻ ናቸው። ሰባ ዘጠኝ! የካውንስሉ የራሱ ፖሊሲ 35 በመቶው አቅምን ያገናዘበ ይሁን ይላል፣ የተስማሙት ግን በ25 ነው። እንዴት ብትሉ፣ ቫያቢሊቲ የሚባል ስሌት አለ፣ ዴቨሎፐሩ (ገንቢው ኩባንያ) ወጪና ገቢዬ ይሄ ነው፣ ትርፌ 20 በመቶ ገደማ ካልደረሰ ፕሮጀክቱ አያዋጣኝም ይላል፣ ካላዋጣው የሚቀነሰው የድሃው ቤት ነው። ስሌቱ ደግሞ የንግድ ሚስጥር ተብሎ ተዘግቶ ነበር፣ ነዋሪዎች ታግለው ይፋ እንዲወጣ ትሪቡናል የወሰነው በ2014 ነው፣ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ማለት ነው። ከ2011 ጀምሮ “አቅምን ያገናዘበ” የሚለው ራሱ የገበያው ኪራይ እስከ 80 በመቶ ድረስ ሊሆን ይችላል፣ በለንደን ኪራይ አስቡት።

እንዲሁ ፈርሶ ሊሠራ በታቀደ ሌላ ሰፈር የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። የሰፈሩ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ግድግዳው ላይ ፎቶ ተለጥፏል፣ ሰው በሚወደው ላይ አረንጓዴ ስቲከር ይለጥፋል፣ የሚጠየቀው የልጆች መጫወቻው እንዴት ይሁን፣ ወንበሩ የት ይቀመጥ ነው። አንዲት እናት ልጃቸው እያስተረጎመላቸው “እኔ ተመልሼ የምገባው የትኛው ሕንፃ ውስጥ ነው?” ብለው ጠየቁ፣ ሞዴሉን ይዞ የቆመው ልጅ እሱ የኛ ክፍል አይደለም አላቸው።

በ2013 ደግሞ ቢሮን ያለ ሙሉ የፕላን ፈቃድ ወደ መኖሪያ መቀየር ተፈቀደ፣ ሌሎች ሕንፃዎችም ቀስ በቀስ ተጨመሩ። በ2019 ዋትፎርድ ውስጥ አንድ አነስተኛ ኢንዱስትሪ የነበረበት ሕንፃ ወደ 15 ስቱዲዮ (ባለ አንድ ክፍል መኖሪያ) እንዲቀየር ተጠይቆ ካውንስሉ እምቢ ቢልም የመንግሥት ኢንስፔክተር አፀደቀው፣ ከ15ቱ ሰባቱ መስኮት የላቸውም። ሕጉ ያኔ መስኮት አይጠይቅም ነበር፣ የተፈጥሮ ብርሃን ግዴታ የሆነው በ2020 ነው። ሰው እንዲህ ዓይነት ቤት የሚገባው ወዶ አይደለም፣ የካውንስል ቤት ወረፋ ስለማይደርሰው ነው።

ይሄ የእንግሊዝ ጣጣ ብቻ አይደለም፣ በርሊን በ2004 65,000 ገደማ የከተማውን ቤቶች ለኢንቨስትመንት ፈንዶች ሸጣ፣ ኪራይ ሲንር ከኩባንያዎች ላይ መልሳ በውድ ስትገዛ አይተናል። ቪየና ግን 220,000 ገደማ የማዘጋጃ ቤት አፓርታማዎቿን አልሸጠችም፣ በ2018 ደግሞ መሬት ለትልቅ የመኖሪያ ግንባታ አዲስ ሲመደብ ሁለት ሦስተኛው በድጎማ የሚሠራ ቤት እንዲሆን ደነገገች። እሷም አውሮፓ ናት፣ ሀብታም ከተማ ናት፣ ግንበኛም አልጠፋባትም። ስለዚህ ለአንባቢ “የአውሮፓ ተሞክሮ” ብላችሁ ስታቀርቡ የትኛውን ከተማ፣ በማን ገንዘብ፣ ማን ተነስቶለት የሚለውን አብራችሁ ጻፉልን። ለንደን ያላችሁ ደግሞ የሰፈራችሁ የፕላን ማመልከቻ በካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ስለሚወጣ፣ የቫያቢሊቲ ሪፖርቱን ፈልጋችሁ የማኅበራዊ ኪራይ ቤቱ ቁጥር ስንት እንደሆነ የአስተያየት ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደቡብ ለንደን