«የአመለካከት ችግር ነው» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እዚህ ጅማ አዌቱ ወንዝ ዳር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲከማች፣ ባጃጅ ዜብራ ላይ አልቆም ሲል፣ ገበሬው ቡናውን መሬት ላይ ሲያሰጣ፣ በየስብሰባው የሚሰማው መልስ አንድ ነው፦ «የአመለካከት ችግር ነው»። መድኃኒቱም የታወቀ ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውኃ ይታደላል፣ ግንዛቤ ይጨበጣል። ጠርሙሱ የት እንደሚደርስ መገመት ነው። አመለካከት በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ከመቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው፤ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል በደንብ ተፈትሿል። ቃሉ ያለ ቦታው ሲገባ ገንዘብም ጊዜም ስለሚያባክን ነው ይህን የምጽፈው።

አመለካከት አንድን ነገር ጥሩ ወይም መጥፎ ብሎ የመመዘን ዝንባሌ ነው። ድርጊት አይደለም። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አሜሪካን ሲዞር በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች አስተናጋጆች ፊት ቆመው የተመለሱት ከአንዱ ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ ለእነዚያው ቤቶች «ቻይናዊ እንግዳ ትቀበላላችሁ?» ብሎ በደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ከመለሱት 128 ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት «አንቀበልም» አሉ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጥናቱ እንከን አያጣም፤ ደብዳቤውን የመለሰው ሰው በር ላይ ከቆመው ጋር አንድ መሆኑ አልታወቀም፣ በደብዳቤው የተጠየቀው ስለ «ቻይናውያን» በጥቅሉ ሲሆን በሩ ላይ የታዩት ግን ፈገግ ያሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ትምህርቱ ያለውም እዚሁ እንከን ውስጥ ነው፤ የተጠየቀውና የተደረገው አንድ ነገር አልነበረም።

አይዘንና ፊሽባይን የተባሉ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1977 ነገሩን ግልጽ አደረጉት። አመለካከት ድርጊትን የሚተነብየው ሁለቱ በአራት ነገር ሲገጥሙ ነው፦ ምን ማድረግ፣ በምን ላይ፣ የት፣ መቼ። ዴቪድሰንና ጃካርድ በ1979 ባወጡት ጥናት፣ ሴቶች ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ በጥቅሉ ያላቸው አመለካከት ኪኒን ከመውሰዳቸው ጋር የነበረው ዝምድና፣ 0 ምንም ዝምድና የለም 1 ደግሞ ፍጹም ዝምድና በሆነበት መለኪያ፣ 0.08 ነበር፤ ከምንም አይቆጠርም። ጥያቄው «በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ኪኒን ስለ መውሰድ» ሲሆን ዝምድናው 0.57 ደረሰ። እንግዲህ ሄርማታ መርካቶ ሰፈር ላይ «ስለ አካባቢ ጽዳት ምን ይሰማዎታል?» ብሎ መጠየቅ ስለ አዌቱ ምንም አይነግርም። ጽዳትን የሚጠላ ሰው የት ተገኝቶ! መጠየቅ ያለበት እንዲህ ነው፦ «በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የቤትዎን ደረቅ ቆሻሻ ወንዝ ዳር ሳይጥሉ ለሰብሳቢዎች ማስረከብ ለእርስዎ ምን ያህል ጥሩ ወይም መጥፎ ነው?»

መጠይቅ ለማዘጋጀት ለሚነሳ የቀበሌ ወይም የጤና ባለሙያ ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። በቅድሚያ 25 ያህል ነዋሪዎችን ያለ አማራጭ መልስ ያነጋግር፤ ማስረከቡ ምን ይጠቅማል፣ ምን ይጎዳል፣ ማን ደስ ይለዋል፣ ማን ይቆጣል፣ ምን ያስቸግራል? ደጋግመው የመጡት መልሶች ናቸው የመጠይቁ ዓረፍተ ነገሮች የሚሆኑት፤ ቢሮ ተቀምጦ የተፈጠረ ዓረፍተ ነገር የሚለካው የቢሮውን ሰው ነው። ቀጥሎ ትርጉም። ጅማ ላይ መጠይቅ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስለሚቀርብ፣ አንዱ ተርጓሚ ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልስ፣ ሌላው የመጀመሪያውን ሳያይ ወደ አማርኛ ይመልሰው፣ ከዚያ ሁለቱ አማርኛዎች ጎን ለጎን ይነበቡ። «ግንዛቤ» እና «አመለካከት» በዚህ መንገድ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው ይመለሳሉ።

የሚበላሸው ቦታ ደግሞ መሰላሉ ነው። «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ጀምሮ «በጣም አልስማማም» ላይ በሚያበቃው ባለ አምስት ደረጃ የሊካርት መሰላል መሐል «ሐሳብ የለኝም» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያልገባው፣ ያላሰበበት፣ የሁለቱም ሚዛን እኩል የሆነበትና መናገር የፈራ ሁሉ እዚያው ቁጥር 3 ላይ ይሰፍራሉ። መሐሉን «ሁለቱም እኩል ነው» በሉት፣ «አላውቅም»ን ከመሰላሉ ውጭ አውጡት። ከአሉታዊ ዓረፍተ ነገርም ተጠንቀቁ። «ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ መጣል አይገባም» ለሚለው «አልስማማም» ማለት ድርብ አሉታ ነው፤ ሰዉ የሚመልሰው በግምት ነው። አንብቦ ለማይመልስ ሰው አምስት የቡና ፍሬ ሰጥቶ፣ የስምምነቱን ያህል እንዲያስቀምጥ ማድረግ ከቁጥር ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን ይሉኝታ አለ። ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በር አንኳኩቶ «ቆሻሻ ይጥላሉ?» ሲል ከእንግዳ ፊት «አዎ» የሚል የለም፤ ቡና ተፈልቶ ጭምር ነው «በፍጹም» የሚባለው። ስለዚህ ጠያቂው የቀበሌ ሰው ባይሆን፣ ስም ባይጻፍ፣ መልሱ በኮሮጆ ቢገባ ይሻላል። ድርጊቱን ግን ከሰው አፍ አትውሰዱት። የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ የሰበሰበውን ኩንታል ቁጠሩ።

ይሉኝታ መልስ ብቻ አያጣምምም፣ ድርጊትንም ይነዳል። አይዘን በኋላ ባሰፋው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው አንድ ነገር ለማድረግ የሚቆርጠው በአመለካከቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያከብራቸው ሰዎች ይጠብቁብኛል ብሎ የሚያስበውና «ማድረግ እችላለሁ ወይ» የሚለው ግምቱም አብረው ይገባሉ። የቡናውን ገበሬ ተመልከቱ። የቀላውን ብቻ ለቅሞ በሽቦ አልጋ ላይ ማድረቅ ጥራት እንደሚሰጥ ከግብርና ባለሙያው ባልተናነሰ ያውቃል። ይሁንና ቡናው እስኪቀላ ሌባ የሚያድርበት፣ ለልጅ ትምህርት ብር የሚያጣድፈው፣ ነጋዴውም እሸቱን ቀይና አረንጓዴ ሳይለይ በአንድ ዋጋ የሚገዛው ገበሬ አንዱን ቅርንጫፍ እንዳለ ቢያልበው አመለካከቱ ምን ይሁን? ለእሱ ስብሰባ ሳይሆን የሚያስፈልገው ጥበቃ፣ ሽቦና የዋጋ ልዩነት ነው።

እኛ ግን ሰውን እንወቅሳለን። ባጃጁ ሳይቆም ካለፈ «ሥነ ምግባር የለውም»፤ እኛ ራሳችን ስንሆን «ቸኩዬ ነው»። የሌላውን ድርጊት ከባሕርዩ፣ የራስን ከሁኔታው የመቁጠር ዝንባሌ በማኅበራዊ ግንዛቤ ጥናት ከሚታወቁ ስሕተቶች አንዱ ነው። ዳርሊና ባትሰን በ1973 ባወጡት ጥናት፣ የሥነ መለኮት ተማሪዎች ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው እንዲናገሩ ተላኩ፤ ከፊሎቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ሰው ወድቆ ያቃስታል። ጊዜ ካላቸው 63 በመቶው፣ መጠነኛ ጥድፊያ ከነበረባቸው 45 በመቶው፣ በጣም ከዘገዩት ደግሞ 10 በመቶው ብቻ ረዱ። የንግግራቸው ርዕስ ይህን ያህል ልዩነት አላመጣም። የዕለት ገቢ ለባለቤቱ ማስረከብ ያለበት የባጃጅ ሹፌርም ሰዓት እየቆጠረ ነው የሚነዳው፤ ከስብከት ይልቅ ዜብራው ፊት ያለ ጉብታ ያቆመዋል።

ስብሰባው የግድ ከሆነም በአግባቡ ይጠናቀቅ። ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በ1965 ባወጡት ጥናት፣ ስለ መንጋጋ ቆልፍ የሚያስፈራ ጽሑፍ የየል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሐሳብ ቀየረ፤ ክትባቱን የወሰዱት ግን 3 በመቶ ያህል ነበሩ። የጤና ጣቢያው ቦታ የተከበበበት ካርታ ተሰጥቷቸው፣ የትኛው ቀን እንደሚመቻቸው ከፕሮግራማቸው እንዲያዩ ከተጠየቁት 28 በመቶ ያህሉ ሄዱ። ካርታው አዲስ እውቀት አልሰጣቸውም፤ ሕንፃውን የሚያውቁት ነበር። የእኛም ስብሰባ «ቆሻሻ በሽታ ያመጣል» ላይ ከሚያበቃ፣ እያንዳንዱ ተሳታፊ ጋሪው በሰፈሩ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ከረጢቱን ማን እንደሚያወጣ፣ በዝናብ ጭቃው ጋሪውን ሲያስቀር የት እንደሚያቆየው ጽፎ ይውጣ። ጋሪው በተባለው ሰዓት ካልመጣ ግን ይህም ዋጋ የለውም፤ ሰዉ ሁለት ጊዜ ጠብቆ ሦስተኛውን ወንዝ ዳር ይወስደዋል።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ። «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ በዚህን ያህል በመቶ አደገ» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት ጥያቄው ቃል በቃል ምን እንደሚል፣ ማን እንደጠየቀና ድርጊቱን የቆጠረ ሰው መኖሩን ጠይቁልን።

አንድ የሥነ ልቦና መምህር
ከጅማ