ከአኩፋዳው የወጣ ቁራሽ፦ የበጎ አድራጎት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን የቆሎ ተማሪዎችን ልብስ በማጠቡ አንዳንድ ወላጆች «ልጆቻችንን ለትምህርት ላክናቸው እንጂ ለልብስ አጠባ አይደለም» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። የክበቡ ሥራ ሁሉ የተሠራው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ነው፤ መምህራንን መጠየቅ ይቻላል። ደግሞስ ትምህርት ቤታችን የቤተ ክርስቲያን አይደለም? በየጠዋቱ በሰልፍ ጸሎት የሚያደርስ ልጅ እምነቱን ከግቢ ውጭ የሚኖርበት ዕድል ካላገኘ፣ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው የሚለውን የያዕቆብን ቃል ለፈተና ብቻ አስጠንተነዋል ማለት ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎች ተካሂደዋል፤ ሥራ አስፈጻሚም ተመርጧል፤ ቃለ ጉባኤው በቢሮ ይገኛል።

ገቢያችን ከጾም የተገኘ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ተማሪዎች የዳቦ ገንዘባቸውን ወደ ሣጥኑ ሲከትቱ ከርመዋል። በዚሁ ሳሙና ገዛን፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም በሆስፒታል አስታማሚ የሌላቸውን ሕሙማን ጠየቅን። የማንንም ሃይማኖት አልጠየቅንም። አንድ አዛውንት «የማን ልጆች ናችሁ? ምን ቆርጧችሁ መጣችሁ?» ቢሏቸው፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ክርስቶስ ታምሜ ጠይቃችሁኛል ይለናል ብለን ነው» አለቻቸው። እኔ ይህን ያህል አሳጥሬ መስበክ አልችልም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ከከተማችን ወጣ ብሎ ወዳለው የቅኔ ጉባኤ ቤት በእግር የሄድንበት ቅዳሜ ነው። ጎጃም የስመ ጥሩዎቹ የቅኔ ቤቶች፣ የዋሸራና የጎንጅ፣ አገር ነው እያልን እንኮራለን። ቅኔ የሚቆጥረው ልጅ ግን በጮቄ ተራራ ውርጭ ደበሎ ለብሶ በደሳሳ ጎጆ እንደሚያድር፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ዞሮ ባገኘው ቁራሽ እንደሚማር ቀርቦ ያየው ስንቱ ነው? ወንዝ ወርደን ልብሳቸውን አጠብን፤ እከክ የያዛቸውን ትንንሾች ውሃ አሙቀን ገላቸውን አጠብናቸው።

ልንሰናበት ስንል ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው የምለው አንድ የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ፈታና «ሳትቀምሱማ አትሄዱም» አለ። የደረቀ እንጀራ፣ የዳቦ ቁራሽና የባቄላ ንፍሮ፣ ከስንት ቤት እንደተለመነ የማይታወቅ፣ ሁሉም ተደባልቋል። ልጆቻችን እርስ በርስ ተያዩ። የክበቡ ገንዘብ ያዥ፣ የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ፣ በውሃ የተጨማተሩ እጆቿን በነጠላዋ አደራረቀች፤ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አማትባ በላች። ከዚያ ሁሉም እጁን ዘረጋ። የኔታ ከጎጇቸው ደጃፍ ቆመው እያዩን ነበር፤ ረዥም ምርቃት መረቁን። የገንዘብ ያዧ እናት በኋላ እንደነገሩኝ፣ የቆሎ ተማሪ ደጃቸው ሲቆም አሁን ከማዕድ ተነሥታ የምትወጣው እሷ ናት፤ ከራሷ ድርሻ ትቆርስለታለች፤ ስሙንም ትጠይቀዋለች። ቀድሞ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ተብሎ ይሸኝ ነበር።

ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ያሰብነው ጉዞ መንገዱ አስተማማኝ ባለመሆኑ ቀርቷል። ሳሙናውም ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ አልቆብናል። የስፖርት ክበቡ ማልያ ሲገዛለት አብረን ተደስተናል፤ የእኛ ክበብ ግን በበጀት ዝርዝሩ ውስጥ እስካሁን የለም። አስተዳደሩም የወላጆች ኮሚቴም ለሚቀጥለው ዓመት ቢያስቡበት እጠይቃለሁ።

እስከዚያው ክረምቱ ሳይገባ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና የውሃ ጀሪካን እንፈልጋለን። መስጠት የምትችሉ ወላጆች በርእሰ መምህሩ ቢሮ በኩል አስረክቡን። ብርድ ልብሱ አሮጌ ቢሆን ግድ የለም፤ የታጠበ ይሁን።