ለቅዳሜ ገበያ ጀርባ ሱቆች የመብራትና የሌሊት ጥበቃ የድጋፍ ጥሪ

ለጎንደር ከተማ ነዋሪዎች፣ ለነጋዴዎች፣ ለእድሮችና በሩቅ ላላችሁ የጎንደር ልጆች፤

ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ልብስ ሰፊው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ በርበሬና ሽሮ ቸርቻሪዋ ጎን ለጎን ይሠራሉ። እዚህ ስርቆት ሲደርስ ጉዳቱ በጠፋው ዕቃ ዋጋ ብቻ አይለካም። ልብስ ሰፊው ለጥምቀት የተረከበው የደንበኛ ጨርቅ ከተሰረቀ የሰውን ንብረት ይተካል፤ የስፌት መኪናው አብሮ ከሄደ ደግሞ ሠርቶ የሚከፍልበት የለውም። እቁቡ ግን አይጠብቀውም። ወሬው ሲሰማ አከፋፋዩ ዱቤ ይከለክላል። ጎረቤቶቹም ሳይመሽ መዝጋት ይጀምራሉ፤ ከሥራ ወጥቶ የሚሸምተው ደንበኛ ደርሶ የሚያገኘው የተዘጋ በር ይሆናል።

ብዙ ሰው ሲሰጋ የሚሮጠው ወደ ትልቅ ጓጉንቸር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሱቅ ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው ይወጣል። የግድግዳው ቆርቆሮ በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ ከውጭ በሚስማር የተመታ ስለሆነ ሌባው በጀርባ ዞሮ ይነቅለዋል። በበር በኩል ቢመጣም ቀድሞ የሚለቀው ጓጉንቸሩ የተንጠለጠለበት፣ በአጭር ቪት የተያዘው ማንጠልጠያ ነው።

ስለዚህ ጀርባቸው ቆርቆሮ ብቻ ለሆነ 12 ሱቆች ከውስጥ የፌሮ መረብ እናስገባለን። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ተሻግሮ ይበየዳል። 2 በ2 ሜትር ለሆነ ግድግዳ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ፌሮ 5 ዘንግ ይፈጃል፤ በጠቅላላው 60 ዘንግ ያስፈልጋል። ብየዳው ሱቅ ውስጥ አይካሄድም። ደረቅ እንጨትና ጨርቅ ባለበት የብየዳ ብልጭታ ከሌባ ይከፋል። መረቡ ደጅ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ከቋሚዎቹ ጋር በቡሎን ይታሰራል። የበሩ ማንጠልጠያም ቪቱ ወጥቶ አልፎ በሚሄድ ቡሎን ይተካል፣ ዳዶው በውስጥ በኩል ይጠብቃል።

መተላለፊያው 160 ሜትር ነው። መብራት በተቋረጠ ቁጥር እንዳይጨልም 6 ሜትር ቁመት ያላቸው 8 የፀሐይ ኃይል መብራቶች በየ20 ሜትሩ እንተክላለን። እያንዳንዱ 30 ዋት አምፖል፣ 100 ዋት ፓኔልና 12.8 ቮልት 40 አምፔር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ይኖረዋል። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት በሙሉ ኃይል ያበራል፤ ከዚያ ወደ 10 ዋት ዝቅ ይልና ሰው ሲንቀሳቀስ መልሶ ይደምቃል። በዚህ አሠራር በአንድ ሌሊት 250 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ባትሪውም ደመና ቢሆን ሁለት ሌሊት ያህል ይዘልቃል። ፓኔሉ፣ ባትሪውና አምፖሉ በአንድ አካል ተገጥመው የሚሸጡበትን ርካሽ መብራት ያልመረጥነው ፓኔሉ ትንሽ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ስለሚጠፋ ነው። ፓኔሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ በበጋ አቧራው በየሁለት ሳምንቱ ካልተወለወለ ጉልበቱ ይደክማል። ባትሪው ራሱ የሚሰረቅ ዕቃ ስለሆነ ከምሰሶው ግርጌ አይቀመጥም፣ ላይ ይሰቀላል። ለመሠረቱ በአንድ ምሰሶ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት እንቆፍራለን፤ ለስምንቱ 14 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 1 ሜትር ኩብ አሸዋና 2 ሜትር ኩብ ጠጠር ይበቃል።

ሥራው ሰኔ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ዶፍ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቆርቆሮ ቢገነጠል የሚሰማ የለም፤ ሌባም ይህን ያውቃል።

ጥበቃዎቹ አራት ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 7፣ ከ7 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይፈራረቃሉ። ያለ ተያዥ አይቀጠሩም፣ ስማቸውም በቀበሌና በፖሊስ ይመዘገባል። የተጠረጠረ ሰው ሲይዙ ፊሽካ ነፍተው ለፖሊስ ያስረክባሉ እንጂ እጃቸውን አያነሱበትም። ደመወዛቸውን ከለጋሽ አንጠይቅም። ልገሳ ሲቋረጥ ጥበቃውም ይቋረጣልና ወርሃዊውን ነጋዴው ራሱ ያዋጣል። ጥበቃው በየበሩ እየዞረ ሳንቲም እንዲለቅምም አንፈቅድም፤ እንደዚያ ከሆነ የሚጠብቀው የከፈለውን ብቻ ነው። መዋጮው በአንድ ሰብሳቢ ተሰብስቦ ወር በገባ በ5 ይከፈላል።

ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ጊዜ የሚወጣውን ነው፦ መብራቶቹን ከነምሰሶአቸው፣ ፌሮውን፣ ቡሎኑን፣ ሲሚንቶውን፣ ለጥበቃዎቹ 4 ካፖርት፣ 4 የዝናብ ልብስ፣ 4 የእጅ ባትሪና 4 ፊሽካ። አንድ እድር ተባብሮ አንድ ምሰሶ ቢችል ትልቅ ነገር ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶም ይቆጠራል። በያጅ ወይም ግንበኛ የሆናችሁ የአንድ ቀን ጉልበታችሁን ብትሰጡን ከገንዘብ አናሳንሰውም።

ግዢው ከሦስት አቅራቢዎች ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ይወሰናል። ገንዘቡ በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይገባል፤ በእጅ የሚሰጥ ብር ያለ ደረሰኝ አንቀበልም። ገቢና ወጪው በየወሩ መጀመሪያ ሳምንት በመተላለፊያው መግቢያ ይለጠፋል። የሚተርፍ ካለ ለመለዋወጫ ባትሪ ይቀመጣል።