የበዓል ገበያ ዘገባችሁ ምጣዱን ረስቷል

ክቡር አዘጋጅ፣

በየበዓሉ ዋዜማ የምታወጡትን የገበያ ዘገባ ሳላነብ አልውልም። ዶሮው ስንት ገባ፣ በጉ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ ሁሉም በዝርዝር ይቀርባል። ዶሮ ወጡ የሚሠራበት ድስት፣ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ቡናው የሚፈላበት ጀበና በስንት እንደሚሸጥ፣ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ዘጋቢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለ እጅ ሥራ የምትጽፉት ባዛር ወይም ኤግዚቢሽን ሲኖር ነው። ያኔም ቢሆን ነገሩ «ባህላችንን እናስተዋውቅ»፣ «ቱሪስት እንሳብ» ከማለት አያልፍም። ቅሬታዬ ከዚህ ይነሳል። ሸክላውም ስፌቱም ለእይታ ከመቅረቡ በፊት የወጥ ቤት ዕቃ ነው፤ እንደ ወጥ ቤት ዕቃ ሊዘገብለት ይገባል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ሰው ከሸክላ የተላቀቀ ሊመስለው ይችላል። አንድ ቀን ሲበላሽበት ጠጋኙ ሲፈታው አጠገቡ ቆሞ ይመልከት። ዙሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እሱንም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠቅጠው የሰፈር ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ሊጡ የሚፈስበት ገበታ ግን ያው የጥንቱ ሸክላ ነው። ከሥሩ እየተጠማዘዘ የሚዞር ቦይ አለው። በቦዩ ውስጥ ሽቦው ይዘረጋል፣ በላዩ ጄሶ ይለሰናል፣ አለቀ። ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበው ዘመናዊ ዕቃችን እናቶች በእጃቸው ካለሰለሱት አፈር ውጭ እንጀራ አያወጣም። ሸክላው ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ከያዘም በኋላ ቶሎ አይለቅም፤ የእንጀራው ዓይን ገበታውን ሞልቶ እኩል የሚወጣው ለዚህ ነው። ሽቦው ሲበጠስ በሽቦ ይተካል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ግን ጠጋኙ ራሱ ወደ ሸክላ ሻጮቹ ይሄዳል እንጂ ሌላ መላ የለውም። እንጀራውን ከምጣዱ የሚያነሳው ሰፌድ፣ የሚቀመጥበት መሶብም የእጅ ሥራ ናቸው። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ በየፎቁ፣ በየኮንዶሚኒየሙ በየቀኑ ሥራ ላይ ያለ ሙያ ነው «ሊጠፋ ስለተቃረበ ባህል» እየተባለ የሚጻፍለት።

የአዲስ አበባዋ ቀጨኔ ሰፈር ሸክላ ሠሪዎች ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ነው የሚሠሩት። አፈሩ ተቆፍሮ፣ በጀርባ ተሸክመውት መጥቶ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይቦካል። የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ ይገባበታል፤ ገሉ ካልተቀላቀለ ጭቃው እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ጥላ ሥር ቀናት ይቆያል፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት ይተኮሳል። እሳቱ ቢበዛበት ወይም ንፋስ ድንገት ቢገባበት የሳምንት ልፋት በአንድ ጀንበር ገል ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ምጣዱን አንስቶ ጣቱን አጥፎ ያንኳኳዋል። በደንብ የተተኮሰው እንደ ደወል ይጮሃል። ያልበሰለው ወይም ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያለበት ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ሻጯም አትከፋም፤ እንዲያውም «አንኳኪው!» ብላ ራሷ ትጋብዛለች።

ለጋዜጣችሁ ጉዳይ ነው የምለው እዚህ ጋ ይጀምራል። የሸክላ ገበያ የሚደምቀው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው። ሁሉም ቤት አዲስ ጀበና፣ አዲስ ድስት ይፈልጋል። ሁለቱም በዓላት የሚመጡት ግን ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ማለትም ሸክላ ሠሪዋ ሁለት ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ አጥታ፣ ጭቃው አልደርቅ ብሏት፣ እንጨቱ ርሶባት፣ ሜዳው ጨቅይቶባት ከቆየች በኋላ። በዓመቱ ውስጥ ብዙ የሚሸጥበት ወቅት ለመሥራት እጅግ ከሚከብደው ወቅት ጋር ተያይዞ ይመጣል። ማድረቂያ መጠለያና ጣሪያ ያለው መተኮሻ ቢኖር ይህ ችግር በግማሽ ይቀል ነበር። ጭሱም መኖሪያ ቤት ውስጥ አይገባም ነበር። ውድ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ ጣሪያና ምሰሶ ነው። የሽንኩርት ዋጋ ለምን እንደተወደደ መንገዱን፣ ነዳጁን፣ ደላላውን ዘርዝራችሁ የምትጽፉ ጋዜጠኞች፣ ምጣድ በጳጉሜን ለምን እንደሚወደድ ብትጠይቁ መልሱን ከሸክላ ሠሪዎቹ አንደበት በአንድ ከሰዓት ታገኙታላችሁ። የአፈሩንም ነገር ጠይቁ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ መቆፈሪያው እየራቀ ይሄዳል፤ ቁፋሮውም ሥሩ እየተቦረቦረ ሲሄድ የመናድ አደጋ አለበት።

ገዢዎቹም ከወቀሳው አናመልጥም። ቋሚ ዋጋ የተለጠፈበትን የውጭ መጥበሻ ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው፣ እናቱ የምትሆን ሸክላ ሻጭ ፊት ቆሞ «እማማ፣ ቀንሱልኝ እንጂ፣ አፈር አይደል እንዴ!» ሲል መስማት ያሳፍራል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት የተፈጠረው በዚህ ዓይነት ክርክር ይመስለኛል፤ ለሌላው ደህናውን ሸጣ ለራሷ ስባሪው ይተርፋታል። ከዋጋው የከፋው ደግሞ ስሙ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን ከልክለው ተሳዳቢው እንዲቀጣ አዘዋል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፏል፤ ዛሬም ሸክላ ሠሪን በቡዳነት የሚጠረጥር፣ ልጁን ለልጇ ለመዳር የሚያቅማማ ሰው አለ። በእጇ በተሠራው ምጣድ እየጋገሩ እጇን መጠየፍ ለእኔ ፈጽሞ ሊገባኝ የማይችል ነገር ነው።

ሙያ ባለቤቶቹን ሲያጣ ምን እንደሚሆን ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ታሳያለች። የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መንደር ነበረች። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም ወዲህ ነዋሪዎቿ ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ የትኛው አፈር ከየትኛው እንደሚዋሃድ፣ እሳቱ መቼ እንደሚበቃው የሚያውቁት እጆችም አብረው ሄዱ። ዛሬ በመንገዱ ዳር ጥቁር የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ፤ ያምራሉ፤ ግን አብዛኞቹ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። የዕለት ዕቃ ወደ ማስታወሻ ዕቃ ሲወርድ የሚገዛው መንገደኛ ብቻ ይሆናል፤ መንገደኛ ሲጠፋ ሙያውም ይጠፋል።

በዚህ ላይ ከእኔ የማይስማማ ሰው ሐረርን ሊጠቅስብኝ ይችላል። እውነቱን ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት የተሸፈነ ነው፤ ስፌቱን ግድግዳ ላይ ማንጠልጠሉ ራሱ ባህል ነው። ነገር ግን እዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን እናትና ልጅ አብረው የሰፉት፣ በሠርግ የተሰጣጡት፣ እንግዳ ሲመጣ የሚወርድ ነው። ስፌት ሠሪዋ የቤቱ ሰው ነች። እኔ የምቃወመው በዘይት ቀለም ተቀብቶ እሳት ላይ ሊጣድ የማይችለውን ጀበና፣ እንጀራ የማይገባበትን መሶብና ጥለቱ የታተመበትን ጨርቅ ነው። ስንደዶና አክርማ ክረምት ሲወጣ ለቅሞ፣ አለላውን ነክሮ፣ በወስፌ እየወጉ ወራት የሚፈጅ መሶብ የሠራች ሴት ከፕላስቲክ መሶብ ጋር በዋጋ ልትወዳደር አትችልም። የምትወዳደረው በአገልግሎቱ ነው። የስፌት መሶብ እንጀራውን ያስተነፍሰዋል፤ ፕላስቲኩ ውስጥ እንጀራው ያልበዋል፣ በነጋታው ይሻግታል። ጋቢም እንደዚያው ነው። በእጅ ከተፈተለ ድርና ማግ በአራት ድርብ የተሠራውን ጋቢ አንድ ሐምሌ የለበሰ ሰው ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ማስታወቂያ አያስፈልገውም።

«ሸክላ ቶሎ ይሰበራል» የሚለውን ስሞታ ብዙ እሰማለሁ። አብዛኛው የሚሰበረው ሳይሟሽ ስለሚጣድ ነው። አዲስ ምጣድ በዝግታ መሞቅ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ተደርጎበት በማሰሻ ደጋግሞ መታሸት አለበት። ሸክላው ቅባቱን እስኪጠጣና ላዩ እስኪያብለጨልጭ ነው። አዲስ ጀበና የቡና አተላ እየተደጋገመ ይፈላበታል፤ የአፈሩ ጣዕም የሚለቀው እንዲያ ነው። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም፣ ወጡ ሳይኖር ባዶውን ድስት እሳት ላይ አይተዉትም። ይህን ድሮ አማች ለምራት ትነግራት ነበር። አሁን ብቻዋን ቤት የተከራየች ወጣት ማን ይንገራት? ሻጯ ትነግራታለች፣ ግን ብትጠየቅ ነው፤ ገዢዋ ደግሞ ቸኩላ ነው የምትሄደው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። ለገና ገበያ ዘጋቢ ስትልኩ ከዶሮ ተራው ቀጥሎ ሸክላ ሻጮቹ ጋ ይድረስ። የምጣድና የጀበና ዋጋ ከቅቤውና ከእንቁላሉ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ይውጣ፣ የሠሪዋም ፈቃድ ከሆነ ስሟ ከነሰፈሯ ይጻፍ። አሟሟሹን ከአንዲት ባለሙያ እናት አፍ ወስዳችሁ በአንድ ዓምድ አትሙት። የማድረቂያ መጠለያውን ነገር ደግሞ የሚመለከተውን የክፍለ ከተማ ኃላፊ አሁን በበጋው ጠይቁልን፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ምሰሶ የሚተክል አይገኝም።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ