ጠርሙሱ እኔ ጋ ነው

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይቅርታ አድርጊልኝ። 3 ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ምክንያት አይገኝለትም፤ ስለዚህ ምክንያት አልደረድርልሽም። በልብሽ የፈለግሽውን ያህል ስደቢኝና ወደ ታች አንብቢ። የምነግርሽ ነገር አለኝ።

ያ የላክሽልኝ ሽቶ ትዝ ይልሻል? ደወል የመሰለው ጠርሙስ። «ደርሶኛል፣ በጣም ወድጄዋለሁ፣ በየቀኑ ነው የምቀባው» ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። የዚያን ዕለት ክዳኑን ከፍቼ አንዴ አሸተትኩት። ቪክስ ቪክስ አለኝ። ከሥሩ ደግሞ ጎማ፣ አዲስ የመኪና ጎማ። መንገድ ላይ የተበላሸ መሰለኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ ውሸቱን ነገርኩሽና ጠርሙሱን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ በደወልሽ ቁጥር ስለ ሽቶው ትጠይቂኛለሽ ብዬ እፈራ ነበር። ስልክሽን ማንሳት የተውኩት በዚህ ብቻ ነው አልልሽም። ሌላውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ያን የፋሲካ ሰሞን ነገር... እሱን ፊት ለፊት ስንገናኝ ይሻላል። ግን ሽቶውም ነበረበት።

አሁን የሆነውን ስሚ።

ሐምሌ ላይ ጉንፋን ጣለኝ። የሱሉልታን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። እማዬ አሁን ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ከጓሮ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርጣ በትልቁ ድስት አፈላችና «ነይ ታጠኚ» አለችኝ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ድስቱ ላይ ተደፋሁ። ሽሮ ሜዳ ሳለን ሁለታችንን አንድ ጋቢ ሥር አስገብታ ስታጥነን ትዝ አለኝ። አንቺ ነበርሽ ሁልጊዜ ቀድመሽ የምታለቅሺው። «ዓይኔ! ዓይኔ!» እያልሽ። እንፋሎቱ አፍንጫዬን ሲከፍተው ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ይሄ ሽታ እኮ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ላቤ ሳይደርቅ ሄጄ ጠርሙሱን አወጣሁት። አንዲት ጠብታ የእጄ አንጓ ላይ አደረግሁ። መጀመሪያ ያው ቪክሱ፣ ያው ጎማው። ብርድ ብርድ ይላል፣ አፍንጫ ውስጥ ይነፍሳል። አልታጠብኩትም። ዝም ብዬ ተኛሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሆነው አይቀርም፣ እጄን ወደ ፊቴ ሳስጠጋ አበባ ሆኗል። ነጭ አበባ። ወፍራም ነው፣ እንደ ለጋ ቅቤ ይለሰልሳል። እንጦጦ ሥር አጥሩ ላይ ይጠመጠም የነበረው ጠምበለል ዝናብ ሲያባራ እንዴት ይሸት እንደነበር ታስታውሻለሽ? የዚያ ዓይነት፣ ግን ከዚያ የጠና። ብርዱም ጨርሶ አልሄደም። ከአበባው ኋላ ቀጭን ሆኖ ቀርቷል። ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ እየነቃሁ እጄን አሸተትኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ማንበብ ሆነ ሥራዬ። ስሙ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም ነበር። «ቱቤሮዝ ክሪሚኔል»፣ ወንጀለኛዋ ቱቤሮዝ! ቱቤሮዝ ሽታዋ የጠና ነጭ አበባ ናት። ሽቶውን ሰርጅ ሉተንስ የሚባሉ ፈረንሳዊ የሽቶ ቤት ባለቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ ቀማሚው ክሪስቶፈር ሼልድሬክ ይባላል። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያ የመድኃኒት ሽታ ለአበባዋ ባዕድ አይደለም። ቱቤሮዝ ራሷ ውስጥ ሜቲል ሳሊሲሌት የሚሉት ነገር አለ፤ ጡንቻ ሲያመን የምንታሽበት ቅባት ውስጥ ያለው ማለት ነው። ብዙው የቱቤሮዝ ሽቶ ይህን ጎኗን አለስልሶ ጣፋጩን ያስቀድማል። ይሄኛው ግን በር ላይ አቁሞታል። እሱን ያለፈ ይግባ የሚል ነው የሚመስለው። እኔ 3 ዓመት በር ላይ ቆሜያለሁ።

ደግሞ እንደ ጃስሚን ያሉ ነጭ አበቦች ውስጥ ኢንዶል የሚሉት ሽታ ያለው ንጥረ ነገር አለ። ሲበዛ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ይላል። በጥቂቱ ሲሆን ነው አበባውን አበባ የሚያደርገው። ለእኛ ይሄ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። የጥርኝን ዝባድ አስቢ። ከዚህ አገር በቀንድ ተሞልቶ ስንት ዘመን ለውጭ ሽቶ ቀማሚ ሲሄድ ኖረ! ጥሬውን ያሸተተ ግን አፍንጫውን ይይዛል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ከሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ቱቤሮዝ ከተቀጠፈች በኋላም ሽታዋን መስጠት አታቆምም። ስለዚህ ድሮ ግራስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ አበባዎቹን በተጣራ ስብ ላይ ይደረድሯቸው ነበር። ሲጠወልጉ ያነሱና በአዲስ ይተካሉ፤ ስቡ ሽታ እስኪጠግብ ድረስ እንዲያ ነው። ለእማዬ እየተደነቅሁ ነገርኳት። እሷ ምንም አልመሰላትም። «ቅቤ እኮ ያስጠጉትን ሁሉ ይጠጣል» አለችና አደስ የገባበትን የፀጉር ቅቤዋን አምጥታ አሸተተችኝ።

አሁን የምሬን በየቀኑ ነው የምቀባው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ስገባ ሰው ዘወር ይላል። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» ብለው መስኮቱን ዘጉልኝ። ብርድ እንዳይመታኝ! አዲሱ ገበያ ስንደርስ ግን ከመውረዳቸው በፊት ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አበባ ይዘሻል?» አሉኝ። ሳቅሁላቸው። ልስማቸው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ሰው ሁሉ የሚቀባውን ያን የስኳር ሽቶ ብቀባ ማን እንዲህ ይለኛል?

ባለፈው እሁድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ነጠላዬን ልታስተካክልልኝ ጠጋ አለች። አንገቴ ላይ ቆየች።

«መጀመሪያ ባሕር ዛፍ የታጠንሽ መስሎኝ ነበር» አለች። «ይሄስ አበባ ነው። ማን ሰጠሽ?»

ስምሽን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ምነው ድምጿ ጠፋ?»

ድምፅሽ እንዳልጠፋ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ መናገር አቃተኝ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያን ማታ ነው። አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ አላውቅም፤ ግን መጠየቅ አለብኝ። ሱቁ ውስጥ ያ ሁሉ ሽቶ እያለ ይሄን ለምን መረጥሽልኝ? ስታሸቺው ጋቢው ትዝ ብሎሽ ነው? የእማዬ ድስት? ከጠርሙሱ ጋር ምንም አልጻፍሽልኝም ነበር። በስልክም «ተቀቢውና ትንሽ ጠብቂ» ብቻ ነው ያልሽኝ። እኔ ደግሞ «እሺ» ብዬ ወዲያው ሌላ ወሬ ጀመርኩ። ገና አሁን ነው የገባኝ። ወይም የገባኝ ይመስለኛል። ከተሳሳትኩም ንገሪኝ።

ሌላ ጠርሙስ እንዳትልኪ፣ በስመ አብ! ገና ከግማሽ በላይ አለ። ጠብታ በጠብታ ነው የምቀባው። የዚህን ወረቀት ጥግም ነክቼዋለሁ። በሰው እጅ ነው የምልከው፤ እስኪደርስሽ ቪክሱ በንኖ ያልቃል። የሚደርስሽ አበባው ነው፣ እሱም ከቀረ።

እማዬ ቡና ቀራርቧል እያለች ነው። ስልክ ቁጥርሽ ያው የድሮው ነው? እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። እባክሽ አንሺልኝ።

ያንቺው